«አቤት» ያላለችው ልጅ

የታሰርኩት በመምህራን ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ስለጠየቅሁ ነው። ከነጌሌ ወደ ደቡብ ባለች ትንሽ የቆላ ከተማ አስተምር ነበር። መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩባት አንዲት ክፍል ነበረችን። የጸጥታ ኃይሎች መጡና ማደሪያ አደረጓት። «ልጆቹስ የት ይማሩ?» አልኩ። ከሰዓት በኋላ መጥተው ወሰዱኝ።

የእስር ቤቱ የሴቶች ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ አፈር ነው። ሙቀቱና የሽንት ባልዲው ሽታ አብረው ተቀበሉኝ። ስገባ ሁሉም ቀና ሲሉ አንዲት ልጅ ብቻ ቀና አላለችም። አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። አጠገቧ የተቀመጡ የቦረና እናት ትከሻዋን ነካ ሲያደርጓት ዞራ አየችኝ። ያኔ ገባኝ።

«አካም፣ ናጋ?» ብለው ሰላም አሉኝ እኚያ እናት። ሁሉም በአክብሮት አዴ ይሏቸዋል። ፖሊሶቹ የሚፈልጉት ልጃቸው ቢያመልጥ በእሱ ፈንታ እሳቸውን ነው ያሰሩት።

«ናጋ፣ አዴ። ልጅቷ አትሰማም አይደል?»

«አትሰማም። የግመል ወተት ልትሸጥ ገበያ መጣች። ግርግር ሆነ፣ ሰው ሲሮጥ ሮጠች። ቁሚ አልናት አሉ። በምን ጆሮዋ ትቁም?»

የሚፈልጓቸው ሰዎች አምልጠዋል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ፣ ወተት ሻጯን ይዘው መጡ። ልጅቷ ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም፤ እኔ የማስተምረውን የምልክት ቋንቋ አታውቀውም። ያላት ከቤተሰቧ ጋር የምትግባባበት ምልክት ብቻ ነው። ስሟን ማንም ስላላወቀ ፖሊሶቹ «ዱዳዋ» ይሏታል።

ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ አሰልፈው ስማችንን ይጠራሉ። የተጠራች «አቤት» ብላ ወደ ጥላው ትሄዳለች። «ዱዳዋ!» ይላል ጠሪው። ዝም። አቤት እስክትል ፀሐይ ላይ ትቆማለች። ዱዳ ብሎ ስም ያወጣላት እሱ፣ አቤት አላለችኝም ብሎ የሚቀጣት እሱ። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

«መስማት አትችልም እኮ» አልኩት።

«ታስመስላለች። አንቺ መምህር አይደለሽ? አስተምሪያት። አንዴ አቤት ትበል፣ ጥላ ትገባለች።»

ክፍላችን ስንመለስ አዴ «ድምፅ ማውጣትስ ትችላለች?» አሉኝ። ጉሮሮዬን አስነክቼ፣ አፌን አሳይቼ አንድ ድምፅ ላስወጣት እችል ይሆናል። ግን ሰምተው እንደሚስቁባት አውቃለሁ። በተማሪዎቼ ሲሳቅ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ለእነዚያ ሰዎች መሳቂያ አላደርጋትም አልኩ።

ይልቅ ስም አወጣንላት። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ለሰው የምልክት ስም ሲያወጡ መልኩን ወይም አመሉን ያያሉ። እሷ ሲጨንቃት የአንገቷን ጨሌ በሁለት ጣት ትይዛለች፤ ስሟ እሱ ሆነ። ወደ እሷ አመለከትኩና አንገቴን በሁለት ጣት ያዝኩ። አዴም እንደኔ አደረጉ፣ ቀጥሎ ሌሎቹ። አንድ በአንድ አየችን። ከዚያ ራሷን አመልክታ ጨሌዋን ያዘችና ሳቀች። ስትጠራ እጅ ማውጣትንም አሳየናት።

በማግስቱ «ዱዳዋ!» ሲባል አዴ ትከሻዋን ነኩላት። እጇን አወጣች።

«አቤት በይ!»

አላወረደችም። ፀሐይ ላይ አቆማትና የአዴን ስም ጠራ። አዴ ዝም ብለው እጃቸውን አወጡ።

«አንቱም ዱዳ ሆኑ?»

እጃቸውን አላወረዱም። የእኔ ስም ተጠራ፤ እጄን አወጣሁ። ከዚያ በኋላ አንዲትም ሴት አቤት አላለችም። ሁላችንንም እስከ ቀትር ፀሐይ ላይ አቆመን። ልጅቷ መሃላችን ነበረች፣ እየዞረች ታየናለች። በሚቀጥለው ጠዋት ጠሪው ፊታችንን ሳያይ እጅ ቆጥሮ ሄደ።

ከእኔ በፊት ተፈታች። የት እንዳለች አላውቅም። እኔ ወደ ማስተማር ተመልሻለሁ፤ የማስተምረው ግን የሚሰሙ ልጆችን ነው። ያቺ የወሰዱብን የመማሪያ ክፍል የተሰበረ ዴስክ ማከማቻ ሆናለች። በየስብሰባው እጠይቃለሁ፣ በጀት የለም ይሉኛል። ለማሰር በጀት አጥተው አያውቁም። ተናድጄ እገባለሁ፣ ተናድጄ እወጣለሁ።

ተማሪዎቼ ስማቸው ሲጠራ እጅ ያወጣሉ እንጂ አቤት አይሉም። አዲስ ገቢዎቹ ለምን ሲሉኝ፣ የማይሰማ ልጅ ሲመጣ ብቻውን እንዳይሆን ነው እላቸዋለሁ።

«መቼ ነው የሚመጣው?» አለችኝ ሰሞኑን አንዷ።

«ክፍሉን ሲመልሱልን» አልኳት።