የሹራቡ ልክ

ወሬ ሆዴ ውስጥ አያድርም። ይህን አዲስ አበባ ያሉ አክስቶቼም፣ ሲያትል ያሉ ጓደኞቼም ያውቁታል፤ እኔም አልክድም። ታዲያ ያን የመሰለ ነገር ከሰው ሁሉ መርጠው እኔን አሸክመው አሥራ ሁለት ቀን ዝም በይ ሲሉኝ ምን ነክቷቸው እንደነበር እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ጊዜው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። ሲያትል፣ ሬኒየር ቫሊ በሚባል ሠፈር፣ ከአንድ የቬትናሞች ግሮሰሪ በላይ ባለች ጠባብ አፓርታማ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር እኖር ነበር። እሷ ነርስነት ተምራ ጨርሳ ለፈቃድ ፈተናው ትዘጋጃለች፤ እኔ ኮሌጅ ላቦራቶሪ እማራለሁ። ፈተናው የሚሰጠው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ከወደቀች ሆስፒታሉ ቃል የገባላት ሥራ ይቀራል፤ ሥራው ከቀረ ደግሞ የመኖሪያ ወረቀቷም ነገር አበቃለት። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ከፈተና ሌላ ወሬ አልነበረም። ማቀዝቀዣው ላይ የመድኃኒት ስም፣ መታጠቢያ ቤት መስተዋቱ ላይ የመድኃኒት ስም። እኔ ራሴ ጥርሴን እየፋቅሁ የልብ መድኃኒቶችን በቃሌ ያዝኩ።

ስታጠና እጇ ሥራ ካልያዘ ጭንቅላቷ አይሠራም። መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ናዝሬት ላሉት እናቷ ሹራብ ትሠራለች፤ ወይን ጠጅ፣ አንገቱ ዘጋ ያለ። ልኩን የምትወስደው በእኔ ነው። «አንቺና እማዬ ልካችሁ አንድ ነው፣ ትከሻችሁ ሳይቀር» ትለኛለች። በናዝሬት ሙቀት የሱፍ ሹራብ ምን ይሠራላቸዋል ስላት መልሷ «አርፈሽ ቁሚ!» ነው።

አንድ እሑድ እሷ ለማጥናት ቤት ቀርታ ብቻዬን ቸርች ሄድኩ። ስንወጣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ በእጃቸው ጠቅሰው መኪናቸውን ፓርክ ያደረጉበት ድረስ ወሰዱኝ። ባለቤታቸው እትዬ ከኋላ ተቀምጠው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

«የጓደኛሽ ወንድም ኮል አድርጎልን ነበር» አሉ ጋሼ። «እናቷ አርፈዋል። ሐሙስ ተቀብረዋል።»

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

«ሶ፣ ምን መሰለሽ፣ ፈተናዋ የሚያልቀው የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን ዓርብ ነው። ወንድሟም ለምኖናል፣ ትጨርስ። ቅዳሜ ማለዳ ተሰብስበን መጥተን እናረዳታለን። እስከዚያ ስልኩን አንቺ አንሺ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አልችልም። ያውቁኝ የለም እንዴ? ፊቴ ይናገራል።»

«እግዚአብሔር ይረዳሻል» ብለው መኪናቸውን አስነሱ። ሄዱልኝ!

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ መቀመጫ አጣሁ። ቤት ስገባ ቀና ብላ «ምነው ፊትሽ?» አለችኝ። ጥርሴን አሞኛል አልኩ። ያቺ ውሸት ደግሞ መዘዝ አመጣች። ነርስ ነቻ! አፌን አስከፍታ በእጅ ባትሪ መረመረችኝ፣ አስፕሪን ሰጠችኝ፣ ማኘክ አትችይም ብላ ሾርባ ሠራችልኝ። እናቷ የሞቱባት እሷ፣ አስታማሚዋም እሷ። ሾርባውን እየጠጣሁ ራሴን በሆዴ ስሰድብ ዋልኩ።

ስልክ በጮኸ ቁጥር ዘልዬ አነሳለሁ። አንድ ቀን ሻወር ውስጥ ሆኜ ሲጮህ ሰማሁና በፎጣ፣ ውኃ እየተንጠባጠበብኝ ሮጬ ደረስኩ፤ የመጽሔት ሻጭ ኖሯል። «ወንድ ይዘሻል አይደል?» አለችኝ እየሳቀች። አዎ አልኩ፣ ምን ልበል? ከዚያማ ቁመቱ እንዴት ነው፣ አሥመራ ነው ያደገው አዲስ አበባ፣ ለምን አታመጪውም እያለች መግቢያ መውጫ አሳጣችኝ። ለሌለ ሰው መኪና ገዛሁለት፣ ሶዶ በሚሉት የሲያትል ሠፈር መጋዘን ውስጥ ሥራ አስቀጠርኩት።

የቸርች ሰዎች ደግሞ ብሰው ተገኙ። ፊቷን ካየን እንባችን ይመጣል ብለው ፈርተው እስከነጭራሹ ጠፉ። በየሳምንቱ ሰኞ ምግብ ቋጥረው የሚመጡት እትዬ እንኳ ቀሩ። ማክሰኞ ዕለት ከግሮሰሪው ስትመለስ ፊቷ ጠቁሮ ነበር።

«እኔ ሰውን ምን አደረግኩት?» አለች። «እትዬን ታች አየኋቸው። አይተውኝ ሳለ ፊታቸውን ወደ ሩዙ አዞሩ።»

«አላዩሽም ይሆናላ።»

«አይተውኛል!»

ያን ቀን አንድ ገጽ አላጠናችም። እኛ ፈተናዋን እናድን ብለን ልጅቱን ሰው ጠላኝ አሰኘናት። ይህን ለጋሼ በስልክ ብነግራቸው «ኦኬ፣ አሥር ቀን ነው የቀረው፣ ቻይው» አሉኝ። ንድድ አልኩ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ መስኮቱን እየደበደበ፣ ጠራችኝ። «ነይ ቁሚ፣ እጅጌው ቀርቶኛል።»

እጆቼን ዘርግቼ ቆምኩ። ሱፉን ከትከሻዬ እስከ አንጓዬ እየለካች ታወራለች። ሹራቡን የምትልከው ከፈተናው ማግስት ነው፤ እናቷ ለብሰውት ፎቶ ተነሥተው ይልኩላታል፤ ፎቶውን አዲሱ ሥራዋ ላይ ቁም ሣጥኗ ውስጥ ትለጥፈዋለች። በቃ አሁን እነግራታለሁ አልኩ። አፌንም ከፈትኩ። ዓይኔ ግን ግድግዳው ላይ የለጠፈችው ወረቀት ላይ አረፈ፤ «ስምንት ቀን ቀረ» ይላል። አፌን መልሼ ዘጋሁት። እንባዬ ግን ማንንም ሳያስፈቅድ ወረደ።

«ውይ፣ መርፌው ወጋሽ እንዴ?» አለች ደንግጣ።

«አዎ» አልኩ።

ዓርብ ፈተናዋን ጨርሳ መጣች። አልጋው ላይ እየዘለለች «አልፌያለሁ፣ ይታወቀኛል!» ትላለች። ቅዳሜ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። በቀዳዳው አጮልቃ አየች፤ ጋሼን፣ ነጠላቸውን የዘቀዘቁትን እትዬን፣ ደረጃውን የሞላውን ሰው። በሩን ሳትከፍት ወደ እኔ ዞረች።

«እማዬ ናት?» አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ቀለል ሲል አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። መቼ ነው የሰማሽው አለችኝ። ነገርኳት። በጣቶቿ ቆጠረች።

«እጅጌውን ስለካ ታውቂ ነበር።»

«አዎ።»

«ቆመሽ አስለካሽኝ።»

«ጋሼ ናቸው እኮ...»

«ከጋሼ ጋር አይደለም የምኖረው!»

ፈተናውን በጥሩ ውጤት አለፈች። አየሽ፣ ልክ ነበርን አለኝ ሰው ሁሉ። እሷ ግን ሹራቡንም መጽሐፎቿንም ጠቅልላ ፌደራል ዌይ በምትባል ጎረቤት ከተማ ቤት ተከራይታ ሄደች፤ ስደውል አታነሳም። እኔ ያን ክረምት ቤት ውስጥ ስንጎራደድ ከረምኩ። ብነግራትና ብትወድቅስ ኖሮ? እላለሁ። ደግሞ ተነሥቼ፣ ባትወድቅስ? እላለሁ። የሾርባው ነገር ትዝ ሲለኝ ከአውቶቡስ ሳይቀር ያለ ፌርማታዬ ወርጄ በዝናብ በእግሬ እሄዳለሁ።

ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። የእኔ የላቦራቶሪ ፈተና ዓርብ ሊሆን ማክሰኞ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ስከፍት እሷ ናት፣ ብቻዋን፣ ነጭ የነርስ ልብሷን እንደለበሰች፤ እጇ ላይ አንድ ፌስታል አለ። ደስ ብሎኝ ልስማት ስል ትከሻዬን ይዛ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ።

«አባትሽ አርፈዋል» አለች። «ጋሼ ዛሬ ጠዋት ነገሩኝ። እስከ ቅዳሜ አደራ፣ ፈተና አለባት አሉኝ። እኔ ደግሞ ከሥራ በቀጥታ ወደ አንቺ ነዳሁ።»

ምን እንዳልኩ አላስታውስም። መሬት ላይ ተቀምጬ እንደነበር፣ እሷም አብራኝ መሬት እንደተቀመጠች፣ ሁለታችንም ድምፃችን እስኪዘጋ እንዳለቀስን ነው የማስታውሰው። በኋላ ብርድ ብርድ አለኝ። ፌስታሉን ፈታች።

«እጅሽን ዘርጊ» አለችኝ።

ወይን ጠጁን ሹራብ አለበሰችኝ። ትከሻውም እጅጌውም ልኬ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ እነጋሼ ሲመጡ በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ፣ ሹራቡን እንደለበስኩ። «ግቡ፣ አውቄያለሁ» አልኳቸው። ጋሼ እኔን አልፈው ከኋላዬ የቆመችውን አዩ።

«እኔ ነኝ የነገርኳት» አለች።

ፈተናውን ወደቅኩ፤ በስድስት ወሩ ደግሜ ተቀመጥኩ። አባቴን ግን በሰዓቱ አለቀስኩት።