ቄስ ወንድማገኘሁ የሞረዱት ሽጉጥ

ሸዋረግ ከመካነ ሰላም ገበያ የምትመለሰው ሁልጊዜ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። የዚያን ዕለት ግን ሰማዩ ጠቆረና የሰኔ ዝናብ ሳይደርስባት ብላ ያልሸጠችውን ገብስ አህያዋ ላይ መልሳ ጭና በሰባት ሰዓት ቤቷ ደረሰች። አጥሩን ስታልፍ ከውስጥ የሞረድ ድምፅ ሰማች። አልገረማትም። ባሏ ቄስ ወንድማገኘሁ እጃቸው የተባረከ ነው፤ በአካባቢው ጸናጽል ወይም መስቀል ከተሰበረ የሚመጣው እሳቸው ዘንድ ነው። “ደግሞ የየትኛውን ደብር መስቀል ይዘው ይሆን?” እያለች በሩን ገፋ አደረገችው።

ቄሱ መደቡ ላይ ተቀምጠው ጭናቸው ላይ አሮጌ ነጠላ ዘርግተዋል። በግራ እጃቸው የያዙት ጥቁር አዲስ ሽጉጥ ነው። ጥይቶቹን አውጥተው ጣሳ ውስጥ አድርገዋቸዋል። በትንሿ ሞረድ የሽጉጡን ጠርዝ ቀስ እያሉ ይሞርዳሉ።

ሸዋረግ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ሃያ ስምንት ዓመት አብራቸው ኖራለች። ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊታቸውን የሚያዞሩ ሰው ናቸው።

“አንቱ! ምንድን ነው የያዙት?”

ቄሱ ለመደበቅ አልሞከሩም። “ጠርዙ ስለት ነው” አሉ፣ ስለ መጥረቢያ እንደሚያወሩ ሁሉ። “እጅ ይቆርጣል። አዲስ ሲሆን እንዲህ ነው አሉኝ።”

ዓይኗ ቀኝ መዳፋቸው ላይ ወደቀ። ባለፈው ሳምንት “ማጭድ ቆረጠኝ” ብለዋት በጨርቅ ያሰረችላቸው ቁስል ገና አልሻረም።

“ማጭድ አልነበረማ?”

“አልነበረም።”

ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ውጭ አህያዋ ጭነቱን እንደተሸከመች ቆማለች።

“ከየት አመጡት?”

“ደጎሎ ከተማ ገዛሁት።”

“ለምን?”

ቄሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞረዱን ወደፊት ወደኋላ አደረጉ። ከዚያ አቆሙና፣ “በቅሎዋ ገደል አልገባችም፣ ሸዋዬ” አሉ።

በቅሎዋ የጠፋችው ከፋሲካ በኋላ ነው። ቄሱ ማሻ ወደሚባለው አገር ለዘመድ ተዝካር ሄደው በእግራቸው ተመለሱና ገደል ገባችብኝ አሉ። ሸዋረግም እንደ ሰው አለቀሰችላት።

“ሁለት ሆነው መንገድ ላይ ጠበቁኝ” አሉ ቄሱ። “ፊታቸውን ሸፍነዋል። በቅሎዋን ሰጠኋቸው፤ በእሷስ ቂም አልያዝኩም። ሲሄዱ አንደኛው ተመለሰና ‘አባ ይፍቱኝ’ አለ። ፈራ፣ ተጸጸተ ብዬ መስቀሌን አወጣሁለት። ተሳለመና ቀና ብሎ በጥፊ መታኝ። ጥምጣሜ ወደቀ። ያኛው ሳቀ።”

ሸዋረግ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

“ድምፁን አውቀዋለሁ” አሉ ቄሱ። “በእነዚህ እጆቼ ነው ያጠመቅሁት።”

“ማነው?”

ቄሱ ሞረዱን መልሰው አነሱ። ያን ጊዜ ሌላው ነገር ተገለጠላት። ከፋሲካ ወዲህ ቄሱ ቅዳሴ አልገቡም። ሆዴን አመመኝ እያሉ ውጭ ቅጥሩ ሥር ይቆሙ ነበር። ጎረቤታቸው ፈርሂያ ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሳ ሁለት ጊዜ አምጥታላቸዋለች።

“በዚህ ልብ እንዴት መቅደስ እገባለሁ?” አሉ፣ የልቧን የሰሙ ይመስል።

“ሊገድሉት ነው?”

“አላውቅም።”

አዎ ቢሏት ትጮህባቸው ነበር። አይደለም ቢሏት ታምናቸው ነበር። “አላውቅም” ሲሏት ግን ምን እንደምታደርግ ሳታውቅ እጇን ዘረጋች። “እስቲ ይስጡኝ” አለች። ሰጧት። የተሞረደው ብረት ለስላሳ ነው፤ መዳፏ ውስጥ ዓመት እንደያዘችው ዕቃ ልክክ አለ። ከሁሉ ያስደነገጣት ይኼ ነበር። ቶሎ ብላ ነጠላው ላይ አስቀመጠችው።

ከዚያ ተነሳች። የአህያዋን ጭነት አራገፈች። ዝናቡ ሲጀምር ጋቢዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ የቄሱ ነፍስ አባት ወደሆኑት ወደ አባ ተክለ ሃይማኖት ወጣች።

አባ ተክለ ሃይማኖት በማግስቱ ማለዳ መጡ። ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ዳገቱ አድክሟቸዋልና መጀመሪያ መደቡ ላይ ቁጭ ብለው ተነፈሱ። ሽጉጡን አዩት፣ አልነኩትም።

“ይኼን ለመሞረድ ስንት ቀን ፈጀብህ?” አሉ።

“ሦስት ቀን፣ አባቴ።”

“ሦስቱንም ቀን ያን ያጠመቅኸውን ልጅ እያሰብክ?”

ቄስ ወንድማገኘሁ “አዎ” ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ የወጣው ልቅሶ ነው። ሸዋረግ በእናታቸው ቀብር እንኳ እንዲህ ሲያለቅሱ አላየቻቸውም። ሽማግሌው ልቅሶው እስኪበቃቸው ጠብቀው ቀኖና ሰጧቸው፤ የልጁን ስም ግን አልጠየቁም።

ሽጉጡ የደብሩ ዕቃ ቤት ጠባቂ ለሆነው ለአምባቸው ተሰጠ። እሱም ወረዳ ወስዶ በስሙ አስመዘገበው። ቄሱ ከቀኖናቸው ጋር ሰኔንና ሐምሌን ጨረሱ። በፍልሰታ ፍቺ ዕለት ተመልሰው ቀደሱ። ድምፃቸው ከድሮው ቀጠን ብሏል፤ እንዲያም ሆኖ ሸዋረግ ከሴቶቹ መካከል ቆማ እያንዳንዷን ቃል ለየች። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ፈርሂያን መንገድ ላይ አገኘቻት።

“ዛሬ ቀደሱ አሉ! አልሐምዱሊላህ፣ ዳኑ ማለት ነው” አለች ፈርሂያ። “ከሆዳቸው ነበር አይደል?”

“አዎ” አለች ሸዋረግ፣ “ከሆዳቸው ነበር።”

“አብሽሪ፣ አላህ ጨርሶ ይማራቸው።”

ቄሱ ያንን ስም ለማንም ተናግረው አያውቁም። አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቃቸው “ተይው፣ ሸዋዬ” ብለዋታል። ማሻ ሲሄዱ ግን አሁን ብቻቸውን አትለቃቸውም፤ ስንቅ ይዛ አብራ ትወጣለች። ጎረምሳ ከፊት በመጣ ቁጥር የምታየው መንገደኛውን ሳይሆን የባሏን ፊት ነው። ቄሱ ለሁሉም “እንደምን ዋላችሁ” ይላሉ። እሷ እስካሁን ፊታቸው ሲለወጥ አላየችም።