ጎመን የሚመልሰው እስረኛ

በደርግ ዘመን የማታ ሕግ ትምህርት በጀመርኩ በጥቂት ወራት ውስጥ ራሴን ጠበቃ አድርጌ ሾምኩ። ለሹመቱ ምክንያት የሆነው የታላቅ ወንድሜ መታሰር ነበር። ከአውሮፕላን ማረፊያው ከሥራ ሲወጣ ወሰዱት፤ ለምን እንደሆነ የነገረን የለም። ከቦሌ ሚካኤል ብዙ በማይርቅ አንድ ግቢ ውስጥ መታሰሩን ስለሰማን በየቀኑ ስንቅ አደርስ ነበር። ዘበኛው ሣህኑን ያስገባል፣ ማታ ይመልስልኛል። እንጀራው ተበልቶ ጎመኑ እንዳለ ይመጣል። ወንድሜ ከልጅነቱ ጎመን አይወድም፤ እናታችን ግን "ደም ይሆነዋል" እያለች መጨመሯን አልተወችም።

አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ለፍርድ ቤት አቀረብኩ። ግቢው "እንዲህ የሚባል እስረኛ የለንም" ብሎ መለሰና አቤቱታዬ ውድቅ ሆነ። በዚያ ዘመን "የለም" የተባለ ሰው ብዙ ጊዜ የእውነት አይኖርም ነበር። ፍርሃቴን ግን በዕውቀት ሸፈንኩት። ከሮማውያን ሕግ የሚጀምር፣ እኔም ራሴ ሁለት ጊዜ አንብቤ ያልገባኝ ይግባኝ ጻፍኩ። የስንቁን ነገር ለእንዲህ ያለ ትልቅ ጽሑፍ የማይመጥን ተራ ወሬ ነው ብዬ ተውኩት።

በችሎቱ ቀን ገና ከሮማ ሳልወጣ ዳኛው አቋረጡኝ።

"ወንድምህ እዚያ መሆኑን በምን አወቅህ?"

"ስንቅ ይቀበሉኛል።"

የግቢው ተወካይ ቀበል አድርጎ፣ "ሌላ እስረኛ በልቶት ይሆናል" አለ።

ያጠናሁት ሁሉ ከጭንቅላቴ ብን ብሎ ጠፋ። "የተራበ ሰው ጎመን ይመልሳል እንዴ? ጎመን የሚመልሰው የእኔ ወንድም ብቻ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

ችሎቱ በሳቅ አውካካ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዳኛው ግን አልሳቁም፤ ስለ ጎመኑ ደጋግመው ጠየቁኝና እስረኛው እንዲቀርብ አዘዙ።

ለቀጠሮው የድል ንግግር አጥንቼ፣ የአጎቴን ኮት ተውሼ ሄድኩ። ሁለት ጠባቂዎች ፀጉሩ የሸበተ፣ ግድግዳ እየተደገፈ የሚራመድ ሰው አስገቡ። ዓይኔ ከሰውየው ኋላ ወንድሜን ይፈልግ ነበር።

"ይግባኝ ባይ፣ ይህ ሰው ወንድምህ ነው?" አሉ ዳኛው።

"አይደለም፣ ወንድሜ ሽበት የለውም" ልል አፌን ከፈትኩ። ሰውየው ትንሽ አየኝና ወደ ዳኛው ዞረ።

"አዎ ጌታዬ፣ ታናሽ ወንድሜ ነው" አለ፤ ድምፁ የወንድሜ ነበር።