አራት የወጣባት ነጥብ

የሳሎናችን ግድግዳ ሰማያዊ ዘይት ቀለም ነበር። እናቴ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ታስቀባዋለች፤ ከዚያ በኋላ ጥፍሩን ያስነካ ወዮለት! ካዛንቺስ ያለው ቤታችን ለልማት እንደሚነሳ ተነግሮን፣ ብፌውም አልጋውም ዳር ከተማ ወዳለው ኮንዶሚኒየም ከተጫነ በኋላ፣ ሳሎኑ ውስጥ የቀሩት እኛ ሁለታችን፣ ሁለት በርጩማዎችና ያ ግድግዳ ነበሩ። ቆጣሪው ስለተነሳ መብራት የለም። ላፕቶፔ ሞቷል። የዶክትሬት ጽሑፌ ዋና ምዕራፍ ደግሞ በዚያው ሳምንት አማካሪዬ እጅ መግባት ነበረበት።

መሬት ላይ ወረቀት በትኜ ስነጫነጭ እናቴ አይታኝ፣ "ለምን ግድግዳው ላይ አትጽፊም?" አለች።

አሽሙር መስሎኝ አፍጥጬ አየኋት።

"ምን ታፈጥጫለሽ? ለሚፈርስ ግድግዳ ልቆጣሽ ነው? ጻፊ በቃ።"

ለካ የምሯን ነው። የማስተምርበትን ማርከር ከቦርሳዬ አወጣሁና ብፌው ከነበረበት ቦታ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን መስመር ስጽፍ እናቴን በጎን አየኋት፤ የልጅነት ፍርሃት መቼ በቀላሉ ይለቃል።

የምሠራው ሒሳብ ሊ አልጀብራ ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ መነሻው ተራ ነገር ነው። ግድግዳን ለስኖ መቀባትና ቀብቶ መለሰን አንድ አይደለም፤ የድርጊቶች ቅደም ተከተል ሲገለበጥ የሚመጣውን ልዩነት ነው የሚያጠናው። እኔ የምሠራበት ዓይነት ላይ ደግሞ ቁጥሮቹ አምስት ሲሞሉ ተመልሰው ዜሮ ይሆናሉ፤ ሦስት ሲደመር ሦስት አንድ ነው። ከድርጊቶቹ መካከል ሲደጋገሙ ሁሉን ነገር ዜሮ የሚያደርጉ አሉ። እነሱ ተሰብስበው አንድ ክብ መስመር ይሠራሉ፤ በመስመሩ ላይ ያለ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ድርጊት ነው። በየነጥቡ እየቆምኩ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ በአንድ ጊዜ ምን ያህል ታጠፋለህ? መልሱ በሁሉም ነጥብ እኩል ከሆነ፣ የጠፉት ነገሮች እንደ አገዳ በየነጥቡ ቆመው፣ ጎን ለጎን ተያይዘው አንድ ወጥ አካል ይሆናሉ። ፈረንጆቹ ሺፍ ይሉታል፤ እኔ ለራሴ ነዶ እለዋለሁ። ደረቅ የቁጥር ሰንጠረዥ እንዲህ ቅርጽ ያለው ነገር ማብቀሉ ያኔም መገረሜ አያባራም ነበር፤ አሁንም ያው ነኝ።

የምዕራፌ ዋና ቃል "በሁሉም ነጥብ እኩል ነው" የሚል ነበር። ሁለት ዓመት የለፋሁት ለዚህች ዓረፍተ ነገር ነው። የቀረኝ አንድ ምሳሌ ብቻ ሲሆን፣ እሱም አሥራ አምስት በአሥራ አምስት የሆነ ሰንጠረዥ ስለሆነ ወረቀት አልበቃው ብሎ ነበር። ግድግዳው ግን በቃው። በመጀመሪያው ነጥብ ላይ ሦስት ወጣ። በሚቀጥለው ሦስት። አሁንም ሦስት። ማፏጨት ጀመርኩ። የመጨረሻዋ ነጥብ ላይ አራት ወጣ።

እናቴ ፉጨቴ ሲቋረጥ ቀና አለች። ለገሃር አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ሠርታ ነው ጡረታ የወጣችው። በእሷ ዘመን አንድ ፊደል የተሳሳተበት ገጽ ከታይፑ ተነቅሎ ይጣላል፤ በላዩ አይመታበትም።

"ምነው?" አለች።

"አንዷ እንቢ አለች። ሌሎቹ ሦስት ናቸው፣ እሷ አራት።"

"ተሳስተሽ ነዋ። አጥፊና ከመጀመሪያው ጻፊ።"

በእርጥብ ጨርቅ አጥፍቼ ከመጀመሪያው ጻፍኩ። አራት። እንደገና። አሁንም አራት። ማርከሩን ወርውሬ ወጣሁና እስከ ባምቢስ በእግሬ ሄድኩ። አራቷ ስህተት ከሆነች ምዕራፌ ይተርፋል፤ እውነት ከሆነች የሁለት ዓመት ልፋቴ ከቤቱ ጋር አብሮ ሊፈርስ ነው። ስህተት እንድትሆን ለመንኩ፤ በሒሳብ ሰው አፍ የማያምር ጸሎት ነው።

ስመለስ ቁጥሮቹን ትቼ፣ ነገሮቹ ዜሮ እስኪሆኑ ድረስ እንዴት እንደሚቀባበሉ በቀስት መሳል ጀመርኩ። አንዱ ወደ ሌላው ያልፋል፣ ያም ወደሚቀጥለው፣ የመጨረሻው ይጠፋል፤ ከእያንዳንዱ ሰልፍ በአንድ ጊዜ የሚጠፋው አንድ ብቻ ነው። በሌሎቹ ነጥቦች ሦስት ሰልፎች ሆኑ፤ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት። ሙሉ፣ እንከን የለሽ፣ ዝም ያሉ። በዚያች ነጥብ ላይም ሁለቱ ሰልፎች እንዳሉ ናቸው። ሦስተኛው ግን መሃሉ ላይ ተበጥሶ ሁለትና ሦስት ሆኗል። አራት ሰልፍ። አራት።

ከግድግዳው አንድ እርምጃ ራቅሁ። ስህተት የደረሰበትን ያተረማምሳል እንጂ እንዲህ ንጹሕ ሆኖ አይበጥስም። ሌላው ቦታ ሁሉ አምስት አምስት ሞልቶ የሚናገረው የለውም፤ ይህን ሰንጠረዥ ከሌሎች የሚለየውን ምስጢር የያዘችው ያቺ አንዲት ነጥብ ናት። ሰማያዊው ግድግዳ ፊት ቆሜ፣ ቤተ መቅደስ ደጃፍ እንደሚፈራው ፈራሁ። ማንም አላበጃትም፤ እኔ ከመወለዴም፣ ካዛንቺስ ካዛንቺስ ከመባሉም በፊት እዚያው ነበረች። በማርከር ከበብኳት።

"እማዬ፣ እሷ ትክክል ናት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

"እና ሁለት ዓመትሽስ?"

"ፈረሰ!" አልኩና ሳቄ መጣ፤ አብሮ እንባዬም። እናቴ ግራ ገብቷት ግንባሬን ዳሰሰችኝ። ለአማካሪዬ ስደውልላቸው ሲያዳምጡ ቆይተው፣ "በይ ሌላውን ተይውና ስለ እሷ ጻፊ" አሉኝ።

የምንለቅ ቀን ጠዋት እናቴ ባልዲና ጨርቅ ይዛ ተነሳች።

"እማዬ፣ ነገ እኮ ማሽን ይገባበታል።"

"ይግባ። ሰው ቤት ሲለቅ አጽድቶ ነው።"

ክርክሩ እንደማያዋጣኝ ስለማውቅ ግድግዳውን በስልኬ አንስቼ፣ የቀረውን ዕቃ መኪና ላይ ላስጭን ወጣሁ። ስመለስ ወለሉ ተወልውሎ ያበራል። ግድግዳውም ከዳር እስከ ዳር ጸድቶ፣ ለእንቁጣጣሽ የተቀባ ቀን የሚመስለውን መስሏል። መሃሉ ላይ ብቻ የከበብኳት አራት ከነቀስቶቿ አለች። ጨርቁ ዙሪያዋን በጥንቃቄ ዞሮ አልፏል።

"ይቺንስ?" አልኩ፣ አራቷን በጣቴ እያሳየሁ።

እናቴ ጨርቁን ጨመቀችና፣ "ትክክል ናት አላልሽም እንዴ?" አለች። ከዚያ ባልዲውን አንስታ ወጣች፤ በሩንም እንደ ወትሮው ሁለት ጊዜ አዙራ ቆለፈችው።