የእትዬ ፏ ሳሙና

እውነቱን ልናገር፤ በቤተ ሙከራችን ቀንደኛው ሰነፍ እኔ ነበርኩ። ትጉህ ከተባለ ደግሞ የብርጭቆ ዕቃ የምታጥብልን እትዬ ፏ ናት። ቅጽል ስሙን ያወጣንላት እኛ ነን፤ የነካችው ሁሉ ፏ ይላላ! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠበችውን ሁሉ ወደ መስኮቱ አንስታ ታያለች፤ ጭጋግ ካገኘችበት እንደገና ሳሙና፣ እንደገና ብሩሽ። እኔ የቆሸሸ ዕቃ ጥዬ ልወጣ ስል፣ "አንተ፣ ዶክተር ስትሆንም እንዲሁ ነህ?" ትለኛለች።

"ያኔማ ሁለት አጣቢ እቀጥራለሁ" እላታለሁ።

የምናጠናው የመርሳት በሽታን፣ አልዛይመር የሚሉትን ነው። አንጎል ትንሽ መስሎ ስኳር የሚጨርስ ሆዳም ነው። ስኳሩን በኦክስጅን አቃጥለው ጉልበት የሚያወጡለት፣ በየሴሉ ውስጥ ያሉ ደቃቅ ምድጃዎች ማይቶኮንድሪያ ይባላሉ። በበሽታው እንደሚዳከሙ ይታወቃል። የእኛ ጥያቄ፣ በአይጦቻችን ላይ ድካሙ ከመርሳቱ ይቀድማል ወይ የሚል ነበር። አንጎላቸውን ፈጭተን ምድጃዎቹን እንለያለን፤ ከዚያ ኦክስጅን ሲስቡ በመሣሪያ እንለካለን። ከተነፈሱ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ቁልቁል ይወርዳል። ስምንት ወር ሙሉ የጤነኞቹም የበሽተኞቹም መስመር ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ኃላፊያችን እስከ ወሩ ማብቂያ ካልተሳካ ጥናቱ እንደሚዘጋ ነገሩን።

እትዬ ፏ ይህን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ፣ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው፣ ዛሬ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን መንገዱ ይጠፋዋል።

"ለሱ እንደማይደርስለት አውቃለሁ" አለችኝ። "ግን ከየት እንደጀመረው እንኳ ሳይታወቅ በሩን ሊዘጉት ነው?"



በዚያው ሳምንት ወንድሟን ሐኪም ቤት ለመውሰድ ሁለት ቀን ቀረች። የሚያጥብ የለ! አዲስ የብርጭቆ መፍጫ ከካርቶን አውጥቼ፣ በውሃ ብቻ ለቅለቅ አድርጌ ሠራሁበት። መስመሩ ወረደ። ጮቤ ረገጥን። በሦስተኛው ቀን እትዬ ፏ ተመልሳ መፍጫውን ፏ አደረገችው፤ መስመሩም ተመልሶ ደረቀ። ኃላፊያችን "አጋጣሚ ነው" ብለው ተዉት።

እሷ ግን ጥግ ይዛ አፋጠጠችኝ። "እኔ በሌለሁበት መፍጫውን በምን አጠብከው?"

"በሳሙና ነዋ።"

"እናቴ ትሙት በል።"

"እናቴንማ አልገድልም። በውሃ ብቻ ነው።"

ቁጣዋን ስጠብቅ መፍጫውን ወደ መስኮቱ አንስታ አየችው። "ሳሙና ቅባት ይበላል። የነዚያ ምድጃዎች ግድግዳ ከምንድን ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

ክው አልኩ። ግድግዳቸው ከቅባት ነው። ዓይን የማያየው የሳሙና ቅሪት ሊያፈርሰው ይበቃል። ስድስት ዓመት የተማርኩት እኔ፣ ይህ አንድ ቀን እንኳ ውል አላለኝም።

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። እሷ ግን ቀጥ ብላ ኃላፊው ቢሮ ገባች። "ዶክተር፣ የስምንት ወር ልፋታችሁን ያበላሸሁት እኔ ነኝ" ስትል ሁላችንም ሰማን። አፈርኩ፤ ማፈር የነበረብኝም እኔ ነኝ።

"ያልነገርንሽ እኛ ነን" አሉ ኃላፊው ከወንበራቸው ተነስተው። "በይ ነይ፣ አብረን እንየው።"

ሁለት አዲስ መፍጫዎች ቀረቡ። አንዱን እሷ በሳሙና አጠበችው፤ ሌላው ውሃ ብቻ ነካው። በሳሙና በታጠበው የተፈጨው መስመሩ ደረቀ። በውሃ በታጠበው የተፈጨው የጤነኛ አይጥ ምድጃ ግን መስመሩን ቁልቁል ጎተተው። ቀጥሎ በሽታው ያለባት፣ ገና ምንም ያልረሳች አይጥ ተራ ሆነ። መስመሩ ወረደ፣ ወረደና መሃል ላይ ለገመ።

"ቀደመ!" ብዬ ጮህኩ። "ድካሙ መርሳቱን ቀደመው!"

እትዬ ፏ እልልታዋን አቀለጠችው። ስምንት ወር አፍኛቸው ተነፈሱ እያለች አለቀሰችም፣ ሳቀችም። በሃያ አራት አይጦች ደገምነው፤ ያው ሆነ። ጥናቱን የሚዘጋ ጠፋ።

ውጤቱ የጸና ዕለት ከሥራ ስንወጣ ወንድሟ ቤት አብሬያት ሄድኩ። እግሩ ሥር ቁጭ ብላ ከሳሙናው ጀምራ አንድም ሳታስቀር ነገረችው። ምን ያህሉ እንደገባው እንጃ፤ ግን ፊቱ በራ፣ እጇንም ያዘ።

"ጎሽ! እንዲህ ያለች ጎበዝ" አላት። "ለመሆኑ ማን ነው ያሳደገሽ?"

"አንተ" አለችው።