የእትዬ አስካለ ጀልባ አላረጀችም

ከአዳማ እስከ ባቱ ባለው መንገድ «የሞተሩ ታደለ» ብሎ የጠየቀ ሰው ቤቴ ሳይደርስ አይቀርም። ሞተር በትምህርት ቤት አልተማርኩም፤ ማንም ቆሞ አላስረዳኝም። አሮጌ የውሃ ፓምፕ ፈትቼ ገጥሜ፣ እንደገና ፈትቼ ነው እዚህ የደረስኩት። አዳማ ውስጥ «ይህ ከእንግዲህ ብረት ነው» የተባለለትን ሞተር አስነሥቻለሁ። ውሃ ውስጥ እየዞረ ጀልባን በሚገፋው ፕሮፔለርም ቢሆን በዚህ አካባቢ ከእኔ የሚበልጥ ካለ እስካሁን በሬን አላንኳኳም። ጉራ ነው የሚል ይበል። ይህን ያስቀደምኩት ስለ ጀልባ የምመሰክረው የማያውቅ ሰው እንዳልሆነ እንድትረዱልኝ ነው።

የባቱዋ ባለጀልባ፣ ሁላችሁም የምታውቋቸው ወይዘሮ አስካለ፣ በቅርቡ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። በእሳቸው ጀልባ ሐይቁ መሐል ወዳለው ደሴት ያልተሻገረ ሰው በባቱ ጥቂት ነው። ወደ ቀብራቸው የሄድኩት አዝኜ ነበር፤ የተመለስኩት ግን ተጸይፌ ነው።

የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው የጀልባ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነው። ስሙን አልጽፈውም፤ ይህ ጽሑፍ ስለ እትዬ አስካለ ነው። ነጭ መሐረብ አውጥቶ ዓይኑን እየጠረገ፣ «እናታችን ሲያረጁ ጀልባቸውም አብራቸው አረጀች፤ በመጨረሻ መንገደኛ እንደጫነች መሐል ሐይቅ ላይ ቀረች» ብሎ አነበበ። እዚያ ከቆማችሁት መካከል እውነቱን የምታውቁ ነበራችሁ። አንገታችሁን ደፍታችሁ አፈሩን ስታዩ አይቻችኋለሁ።

እትዬ አስካለ ጀልባቸውን እንዴት እንደሚይዙ ልንገራችሁ። ጠዋት ሞተሩን ካስነሡ በኋላ ጣሳ ሙሉ ውሃ መቀመጫው ላይ ያስቀምጣሉ። «ውሃው ከተንቀጠቀጠ ከታች የታመመ ነገር አለ» ይሉ ነበር። ውሃው ረግቶ ካላዩ ሰው አይጭኑም። ከጫኑ በኋላ ደግሞ ዶሮዎቿን ታቅፋ ከሩቅ የምትሮጥ ሴት ካዩ ሞተሩን ያጠፋሉ። ተሳፋሪው ሲያጉረመርም፣ «ደሴቱ የትም አይሄድም፤ እሷ ግን ከቀረች የምታድርበት የላትም» ይላሉ። ከደሴቱ በሽተኛ ሲያመጡ ሂሳብ አይቀበሉም፤ ሐኪም ቤት የሚያደርሰውን ባጃጅም ራሳቸው ይጠሩለታል።

አንድ ቀን ጀልባዋ በእርግጥ መሐል ሐይቅ ላይ ቆመች። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባዋ ንቅንቅ አትልም። ዓሣ አጥማጆች ጎትተው አወጧት። ሊቀመንበሩ ወዲያው ኮሚቴ ሰብስቦ «ያረጀች ናት» አለና ከተራ አስወጣት። ተራ የሌላት ጀልባ ሰው አትጭንም፤ እሳቸውና ልጃቸው ሶስና ደግሞ የሚኖሩት በዚያች ጀልባ ገቢ ነበር።

እትዬ አስካለ ፕሮፔለሩን አስፈትተው፣ በጋቢ ጠቅልለው፣ በሚኒባስ አዳማ እኔ ቤት መጡ። በመንገድ የሆነውን ራሳቸው እየሳቁ ነው ያጫወቱኝ። ረዳቱ ጭናቸው ላይ ያለውን ጥቅልል አይቶ፣ «ማዘር፣ ሕፃኑ አልጠበበዎትም?» አላቸው። ገለጥ አድርገው፣ «ሦስት ክንፍ ያለው ሕፃን አይተህ ታውቃለህ?» ሲሉት መኪናው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ።

እኔ ግን ጋቢውን ስገልጠው አልሳቅኩም። ፕሮፔለሩ የብር ቀለም ተቀብቷል። ቀለም የተቀባ ፕሮፔለር ሳይ ጥርሴን ነው የምነክሰው፤ የሚደበቅ ነገር ከሌለ ማን ይቀባዋል? በቤንዚን አጥቤ ቀለሙን ስፍቅ ክንፎቹ ላይ የድንጋይ ምት ወጣ። የተጣመመውን ክንፍ በድንጋይ ቀጥቅጠው «አቃንተውታል»! ይህን የሚያደርግ ሰው የታመመ ጥርስም በድንጋይ ይነቅላል። ላምባ ቀብቼ ከጠረግኩ በኋላ ጠመኔ ነሰነስኩበት። አንዱ ክንፍ ከሥሩ የፀጉር ያህል ጥቁር መስመር አወጣ፤ ላምባው የተደበቀበት ስንጥቅ ነው። ክንፎቹን ከመሐሉ ብረት ጋር የሚያያይዘው ጎማም ተላቅቋል፤ ሞተሩ ሲዞር ክንፎቹ አብረው አይዞሩም። ጀልባዋ የቆመችው ለዚህ ነው። እርጅና የሚባል ነገር እዚያ ውስጥ የለም።

«እትዬ አስካለ፣ ይህን ከድንጋይ ጋር ያጋጨው ማን ነው?» አልኳቸው።

ጋቢያቸውን እያጠፉ፣ «ጀልባዋን ለጎረቤት ልጅ ሠርግ አውሼ ነበር» አሉ። «እኔ ወጥ ቤት ስለነበርኩ የነዳው ሊቀመንበሩ ነው። ሐይቁ ሸሽቶ ዳሩ ድንጋይ ሆኗል። እሱ እንደ ድሮው መስሎት... እንግዶቹ 'ጋሼ፣ ጫማችን ይረጥባል' ሲሉት 'የኔ ቆንጆዎች፣ ደረቅ ላይ ነው የማወርዳችሁ' ብሎ ሞተሩን በሙሉ ኃይሉ ለቀቀው አሉ። ድንጋዩ ላይ ወጣች። ሞተሩን ከውሃ እንኳ ሳያነሣ ወደ ኋላ አስጎተታት።»

«ታዲያ ለምን አይናገሩም?»

«መልሶ ሲያመጣት 'ቀለም አስቀባሁልሽ' ብሎኝ አመስግኜዋለሁ» አሉና ሳቁ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። «ተው ታደለ። ልጅቷ ሠርጌ ስትል የኛን ጠብ ታስታውስ? አንተ ጀልባዬን ሥራልኝ። ተራዋን ይዛ ልያትና ይበቃኛል።»

ከሥሩ የተሰነጠቀ ክንፍ አይበየድም፤ በየድኩት የሚላችሁ ካለ ሐይቅ ላይ አብሯችሁ ይሳፈር። ምትክ ፕሮፔለር ከሞተ ሞተር ላይ አገኘሁ። እሱን ሳስተካክል እሳቸው ታመው ተኙ፤ ከዚያ አልተነሡም። በሕይወት ሳሉ ዝም ያልኩት ስለለመኑኝ ነው። መቃብራቸው ላይ ሲዋሽ ግን ዝምታዬ አበቃ።

ከቀብሩ በኋላ ዓሣ አጥማጆቹንና የማኅበሩን አባላት ሐይቁ ዳር ሰበሰብኩ። ሊቀመንበሩም መጣ።

«ጋሽ ታደለ፣ በሐዘን ሰሞን ይህ ምን ይባላል?» አለኝ።

«በሐዘን ሰሞን የዋሸኸው አንተ ነህ» አልኩት።

አሮጌውን ፕሮፔለር ገጠምኩ። ከመሐሉ ብረት አንሥቶ ጎማውን አቋርጦ እስከ ክንፉ የሚደርስ አንድ ቀይ መስመር በቀለም ሳብኩ። ጀልባዋን በገመድ ከግንድ ጋር አስረን ሶስና ሞተሩን ለቀቀችው። ጮኸ፤ ገመዱ ግን አልተወጠረም። ሲፈታ ቀዩ መስመር መሐል ላይ ተቆርጦ፣ ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ ሆኗል፤ ብረቱ ብቻውን እንጂ ክንፎቹ አብረው አልዞሩም ማለት ነው። ከዚያ ፕሮፔለሩን ለሁሉም በእጃቸው ሰጠኋቸው።

አንድ ዓሣ አጥማጅ እያገላበጠ፣ «በርበሬ ነው እንዴ የወቀጡበት?» አለ።

ሊቀመንበሩ፣ «እኔ ቀለም ብቻ ነው ያስቀባሁት» ብሎ አመለጠው።

«ታዲያ ቀለሙ ምን ሊሸፍን ነበር፣ ጋሼ?» አለው ዓሣ አጥማጁ። መሐረቡ ያን ቀን አልወጣም። በሠርጉ ቀን ጀልባዋ ላይ ከነበሩት ሚዜዎች አንዱም፣ ቢዘገይም፣ «እኔ አይቻለሁ» ሲል ሰው ሁሉ ሰማ።

እትዬ አስካለ፣ እንግዲህ ደህና ይሁኑ። የሙሽራዋን ስም አልጠራሁም፤ ቃልዎን የቻልኩትን ያህል ጠብቄያለሁ። ተራዋን ይዛ ሊያዩዋት ፈልገው ሳያዩ ሄደዋል። ስለዚህ የሠራሁትን እኔው ልንገርዎት። ፕሮፔለሩን በሚያዞረው ሻፍት ላይ የተጠመጠመውን የመረብ ክር ቆርጬ አውጥቻለሁ። ሻፍቱን አዙሬ ቀጥ ያለ መሆኑን አይቻለሁ፤ ዘይት የሚይዘውን ጎማ ቀይሬያለሁ። ምትኩን ፕሮፔለር አሙቄ፣ በእንጨት ላይ አቃንቼ፣ ሦስቱ ክንፎች ሚዛናቸው እኩል እስኪሆን ሞርጃለሁ። ቀለም አልቀባሁትም። የተሰነጠቀውን ፕሮፔለር የጀልባ መሳፈሪያው ግንድ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ የሚያልፍ ሁሉ ይየው። ሊቀመንበሩ ያነበበውን በዚያው በሰው ፊት እንዲያርም አድርጌያለሁ። የጀልባዎን ተራ አስመልሻለሁ፤ ሶስና ትነዳታለች። በመጀመሪያው ጉዞ ጣሳዎን እስከ አፉ ሞልቼ መቀመጫዎ ላይ አስቀመጥኩ። እስከ ደሴቱ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም።