አመሰግናለሁ ያለ ሰው

ኤላዲዮ በፓራጓይ፣ በቪያሪካ ከተማ የሶፋና የወንበር ጨርቅ ሲቀይር ሠላሳ ዓመት ሞልቶታል። ሚስቱ ባሲሊያ በሚያዝያ ከሞተች ወዲህ ሥራው አልቀነሰም፤ ወሬው ግን ቀንሷል። ደንበኞች የተቀደደ ወንበራቸውን ፎቶ አንስተው ይልኩለታል። ያያል፣ ይመልሳል፣ ደግሞ ያያል። መልእክት ባይኖርም ስልኩን ያያል።

ከሰዓት በኋላ አረፍ ሲል ልጁ ኒልሳ ግቢያቸው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ቴሬሬ የሚባለውን ቀዝቃዛ የቅጠል መጠጥ ትቀዳለታለች። ቅጠሉ ባለበት የቀንድ ዋንጫ ላይ ከፔርሙዝ የበረዶ ውሃ አፍስሳ ትሰጠዋለች፤ ሲመልስላት ለራሷ ትቀዳለች። ዋንጫ ሲመልስ «አመሰግናለሁ» ያለ ሰው በቃኝ ማለቱ ስለሆነ፣ ያንን ቃል እስኪረካ ድረስ ማንም አያወጣውም።

ሐሙስ ዕለት ኒልሳ፣ «አባዬ፣ አክስቴ ፔላጂያ አሱንሲዮን መጥተሽ እኔ ጋ ኑሪ ትለኛለች» አለችው።

«እም።»

«ትምህርት ቤትም አግኝታልኛለች። ግን አንተ ቅሪ ካልከኝ እቀራለሁ።»

ስልኩ ጮኸ። አንዲት ደንበኛ አረንጓዴውን ጨርቅ መርጣለች። ኤላዲዮ በአንድ እጁ ዋንጫውን ለልጁ እየመለሰ፣ በሌላው ስልኩን ወደ አፉ አስጠግቶ፣ «እሺ ሴኞራ፣ አመሰግናለሁ» አለ።

ኒልሳ ፔርሙዙን ከድና ተነሣች።

«ወዴት ነው? ገና ሁለቴ መጠጣቴ ነው።»

«በቃኝ አልክ እኮ።»

«አንቺን አይደለም ያልኩት!»

«አውቃለሁ። እኔንማ ካናገርከኝ ስንት ጊዜህ! ወይስ እንደ ወንበሮቹ ልቀደድና ፎቶዬን ልላክልህ?»

ሊስቅ ፈለገ፤ ፊቱ እሺ አላለውም። «ቁጭ በይ እስቲ» አለ።

ተቀመጠች። «አንድ ቃል ብቻ ንገረኝ። ልሂድ ወይስ ልቅር?»

እንድትቀር ይፈልጋል። ይህንን ያውቃል፤ ግን ፍላጎቱ ከጎረቤት ቤት እንደሚሰማ ሬዲዮ ራቅ አለበት። ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠው ስልክ በራ። ዓይኑ ሳያዘው ወደ ታች ወረደ።

ቀና ሲል ልጁ ቆማለች።

«ገባኝ፣ አባዬ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ወደ ቤት ገብታ የልብስ ሳጥን ስትከፍት ተሰማው።

ሰኞ ጠዋት ሻንጣዋን ተሸክሞ እስከ አውቶቡሱ ሸኛት። «ምሳህን እንዳትዘል» አለችው። ራሱን ነቀነቀ።

እኩለ ቀን ላይ «ደረስኩ» ብላ ጻፈችለት። ወዲያው መለሰላት፦ «እንኳን በሰላም ደረስሽ።» ጣቱ ገና አላረፈም ነበርና አከለበት፦ «ባትሄጂ ይሻለኝ ነበር።»

ማንበቧን ምልክቱ አሳየው። መልሷን እየጠበቀ ስልኩን እንደያዘ ብዙ ቆየ።